ከስልክ ሽቦ ወደ ኬብል፤ ፍጥነት ገዝተን ምርጫ እንዳንሸጥ

በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የሚነሳው የቡና፣ የሲሚንቶ፣ የዶላርና የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሽቦ ልጽፍ ነው። «ከሽቦ ደግሞ ምን የገበያ ወሬ ይወጣል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚሁ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአክስቴ ልጅ ቤት ያየሁት ነገር ነው።

የአክስቴ ልጅ በዕድሜ ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣል። ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ባለች ከተማ ከሚስቱ፣ ከሦስት ልጆቹና ከእናቱ ከአክስቴ ጋር ይኖራል። ሥራው የሂሳብ መዝገብ መያዝ ነው። ደንበኞቹ በአብዛኛው የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ታክሲ ነጂዎች፣ የምግብ ቤትና የትንንሽ ሱቅ ባለቤቶች። ቢሮ አልተከራየም። ከቤቱ ሥር ባለችው አንዲት ክፍል ጠረጴዛና ኮምፒዩተር አስቀምጦ ይሠራል። ስለዚህ ለእሱ የቤት ኢንተርኔት ማለት ለመርካቶ ነጋዴ የሱቅ በር ማለት ነው፤ ሲዘጋ ገበያው ይዘጋል።

ቤቱ የሚገባው ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ የሚመጣው፣ ዲኤስኤል የሚባለው ነበር። ለዓመታት አገልግሎታል። ልጆቹ ካደጉ ወዲህ ግን አንዱ ትምህርቱን ሲከታተል፣ ሌላው ጨዋታ ሲጫወት፣ ሦስተኛዋ ፊልም ስታይ፣ አባትየው ደግሞ የደንበኛ ሰነድ ሲልክ መስመሩ ይታነቃል። በዚህም የተነሳ ወደ ኬብል ለመዛወር አሰበ። «አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል፤ ምን ትላለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሁለቱን የወር ሂሳቦች ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ክፍያውን ለፍጥነቱ አካፍዬ፣ ኬብሉ እጅግ እንደሚረክስ አስረዳሁት። ስሌቴ ትክክል ነበር። ምክሬ ግን ጎደሎ ነበር።

የኬብሉ ባለሙያ መጥቶ መስመሩን ባስገባ ዕለት የአክስቴ ልጅ ለስልክ ድርጅቱ ደውሎ የቀድሞውን መስመር አሰረዘ። ሁለት ሂሳብ በአንድ ወር ለምን ይከፈላል ብለን ነው። መስመሩ ሲሰረዝ የስልክ ቁጥሩም አብሮ ጠፋ። ያ ቁጥር አሥራ አራት ዓመት የኖረ፣ በንግድ ካርዱ ላይ የታተመ፣ በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ነው። ጊዜው ደግሞ የአሜሪካ የግል ገቢ ግብር መክፈያ ቀን፣ ማለትም ኤፕሪል 15፣ ሁለት ሳምንት የቀረው ነበር። ቁጥሩን ለማስመለስ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በዘጠኙ ቀን ውስጥ የደወለ ደንበኛ ሁሉ «ይህ ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም» ሲባል ወዴት እንደሄደ መገመት አያዳግትም። አክስቴም ከአዲስ አበባ የሚደወልላቸው በዚያው ቁጥር ስለነበር፣ ከሦስት ቀን ዝምታ በኋላ «ፈጣን ነው አላችሁኝ፤ ሰው ግን አላገኘኝም» አሉን።

በክፍል ውስጥ «የመዛወሪያ ወጪ» እየተባለ የተማርነው ነገር ይኸው ነው። ወጪው በሂሳብ ደረሰኙ ላይ አይጻፍም፤ የሚታየው ከተዛወሩ በኋላ ነው።

ሁለቱ ሽቦዎች እንዴት ይሠራሉ?

ገበያን ለመረዳት ዕቃውን ማወቅ ግድ ነውና ጥቂት ስለ ዕቃው ላስረዳ።

ዲኤስኤል የሚጓዘው ለስልክ ተብሎ በተዘረጋ ጥንድ የመዳብ ሽቦ ላይ ነው። የሰው ድምፅ በስልክ ሲያልፍ የሚይዘው ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን ጠባብ ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የሽቦው አቅም ባዶውን ይኖር ነበር። የዲኤስኤል ብልሃት ያንን ባዶ ክፍል ለኢንተርኔት ማዋል ነው። በስልኩ መሰኪያ ላይ የምትገጠመው ትንሽ ማጣሪያም ሁለቱ እንዳይደባለቁ የምትጠብቅ ናት። ድክመቱ ርቀት ነው። ቤቱ ከስልክ ማዕከሉ በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ አገልግሎቱ ከነአካቴው ያስቸግራል። የመጀመሪያው የኤዲኤስኤል ደረጃ ጣሪያው በሰከንድ 8 ሜጋቢት ገደማ ሲሆን፣ ቆይቶ የመጣው ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ደግሞ 24 ሜጋቢት ነው። ይህም በወረቀት ላይ ነው፤ መዳቡ ካረጀና ውኃ ከገባበት ቁጥሩ ሌላ ይሆናል።

ኬብል የሚባለው ደግሞ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተዘረጋው ወፍራም ኮአክሲያል ገመድ ነው። ብዙ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን በአንድ ጊዜ እንዲሸከም ስለተሠራ አቅሙ ከስልክ ሽቦ ጋር አይወዳደርም። የኬብል ኢንተርኔት መመዘኛ የሆነው ዶክሲስ የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በ2013 የወጣው 3.1 የተባለው እትም ደግሞ እስከ 10 ጊጋቢት በሰከንድ ታስቦ የተነደፈ ነው። የእሱም ድክመት አለው። የዲኤስኤል ሽቦ እስከ ማዕከሉ ድረስ የባለቤቱ ብቻ ሲሆን፣ የኬብሉን አቅም ግን የሠፈሩ ቤቶች ይጋሩታል። ማታ ማታ ሁሉም ቤት ፊልም ሲከፍት ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል። ወደ ውጭ የሚላከው መረጃ ፍጥነትም ወደ ቤት ከሚገባው በእጅጉ ያነሰ ነው። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ሰነድ ለሚልክ ነጋዴ ግን ዋነኛው ነገር ነው። ማስታወቂያው በትልቁ የሚጽፈው የሚገባውን፣ በትንሹ የሚጽፈው የሚወጣውን ነው።

ገመድ አልባው የት ላይ ያታልላል?

የቤቱ ገመድ አልባ መረብ፣ ዋይፋይ የምንለው፣ ከሽቦው የተለየ ነገር መሆኑን ብዙ ሰው አይለይም። እኛም አልለየንም። አዲሱ ኬብል ሥራ በጀመረ ማግስት የልጆቹ ክፍል እንደ ጉድ ሲፈጥን፣ ከታች ያለው የሥራ ክፍል ከቀድሞው ብሶ አረፈው።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። የስልኩ መሰኪያ ደረጃው አጠገብ፣ የቤቱ መሐል ላይ ነበርና ራውተሩም ለዓመታት እዚያው ተቀምጦ ኖሯል። የኬብሉ መሰኪያ ግን ቴሌቪዥኑ ባለበት፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው። ሞደሙና ራውተሩ ወደዚያ ሲዛወሩ የሥራ ክፍሉ ከሁለት ግድግዳና ከአንድ ወለል ባሻገር ቀረ። የራዲዮ ሞገድ ደግሞ ግድግዳ ያደክመዋል። በተለይ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣኑ ሞገድ ከ2.4 ጊጋኸርዙ ይልቅ ግድግዳ አይወድም። መፍትሔው ረዥም የኔትወርክ ገመድ ገዝቶ ራውተሩን ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ሆነ። ለብዙ መቶ ሜጋቢት የከፈለ ሰው በገመድ ዳነ።

ሁለተኛው ችግር የኬብል ድርጅቱ የሰጠው ሞደም ራሱ ራውተር ያለበት መሆኑ ነው። የቀድሞው ራውተር ከኋላው ሲሰካ ሁለት በር ጠባቂ በአንድ በር ላይ ቆመ፤ አንዳንዱ ነገር ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም። ከሁለቱ አንዱን ዝም ማሰኘት፣ ማለትም አዲሱን ሞደም «ብሪጅ» በሚባለው አሠራር ላይ ማድረግ አስፈለገ። የቀድሞው ራውተር በዲኤስኤል ጊዜ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እየሰጠ ይገባ ስለነበር ያም ቅንብር መለወጥ ነበረበት፤ ኬብሉ አድራሻውን በራሱ ይሰጣልና። ብዙ የኬብል ሞደም መጀመሪያ የተሰካበትን መሣሪያ ስለሚያስታውስ፣ መሣሪያ በተቀየረ ቁጥር ሞደሙን አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ተሳካልን። የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል እንደ ድሮው አድርገን ስለተውነው የቤቱ ስልኮች፣ ኮምፒዩተሮችና ማተሚያው ምንም ሳይነኩ ወዲያው ገቡ። ራውተር የሚለውጥ ሰው ሁሉ ይህችን ቢይዛት ከግማሽ ቀን ልፋት ይድናል።

ዋጋው የሚደበቅበት ቦታ

የኬብሉ ዋጋ ርካሽ መስሎኝ ያካፈልኩት ቁጥር የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ነበር። ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ ዋጋው እንደሚጨምር በውሉ ሦስተኛ ገጽ ላይ ተጽፏል። የሞደም ኪራይ ለብቻው ነው። እነዚህን ስደምርና የሁለት ዓመት አማካይ ስወስድ ልዩነቱ ከጠበቅሁት ግማሽ በታች ሆነ። ኬብሉ አሁንም ያዋጣል። የሚያዋጣው ግን እኔ እንዳልኩት መጠን አይደለም።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን ዓይነቱን ድብብቆሽ ለመግታት ሁለት ነገር አድርጓል። አንደኛ፣ ደንበኛ በራሱ ገንዘብ ለገዛው ሞደምና ራውተር ኪራይ ማስከፈልን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥቶ በ2020 መጨረሻ ሥራ ላይ አውሏል። ሁለተኛ፣ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ትልልቆቹ ኢንተርኔት ሻጮች ዋጋውን፣ የማስተዋወቂያው ጊዜ የሚያበቃበትን፣ ተጨማሪ ክፍያዎችንና የሁለቱንም አቅጣጫ ፍጥነት በአንድ ሠንጠረዥ እንዲያሳዩ አዟል። በታሸገ ምግብ ላይ እንደሚለጠፈው ዓይነት ነው። ይህ የመንግሥትን ብር ብዙ አያስወጣም። ለገዢው ግን ሚዛን እንደ መስጠት ነው።

ሁለተኛው ሽቦ ከየት መጣ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የአክስቴ ልጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር የቻለው በሩ ላይ ሁለት ሽቦ ስለነበረ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች የተዘረጉት ለውድድር ታስበው አልነበረም። አንዱ ለስልክ፣ ሌላው ለቴሌቪዥን ነው። ኢንተርኔት ሲመጣ ነው ሁለቱ ድንገት አንድ ዕቃ የሚሸጡ ተፎካካሪዎች የሆኑት። በአንድ መንደር ሁለት ሽቦ መዘርጋት ከፍተኛ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ በመጽሐፍ ላይ «የተፈጥሮ ሞኖፖሊ» የሚባለው ሁኔታ ይፈጠራል። አሜሪካን ከዚህ ያዳናት ዕድል እንጂ ዕቅድ አልነበረም።

ዕቅድም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነባሮቹ የስልክ ድርጅቶች የሽቦአቸውን ክፍል ለአዲስ ገቢዎች እንዲያከራዩ አስገደደ። በ1999 ደግሞ አንዱ ድርጅት በሽቦው ድምፅ፣ ሌላው በዚያው ሽቦ ዲኤስኤል እንዲሸጥ ተፈቀደ። ኮቫድ፣ ኖርዝፖይንትና ሪዝምስ የተባሉ ድርጅቶች በዚህ ተስፋ ከአክሲዮን ገበያ ብዙ ገንዘብ ሰበሰቡ። ሦስቱም በ2001 ከኪሳራ ፍርድ ቤት ደጃፍ ቆሙ። ከሦስቱ በሕይወት የወጣው ኮቫድ ብቻ ነው። የቴክኖሎጂ አክሲዮኖች መውደቅ፣ የብድር ክብደትና የሽቦው ባለቤት ራሱ ተፎካካሪ መሆኑ ተደራርበው ጣሏቸው።

በ2003 ኮሚሽኑ ያንን የመጋራት ግዴታ አነሳ። በ2005 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ብራንድ ኤክስ በተባለው ክርክር፣ የኬብል ድርጅቶች ሽቦአቸውን ለሌላ ኢንተርኔት ሻጭ የመክፈት ግዴታ የሌለባቸው መሆኑን የሚያጸና ውሳኔ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ሰጠ። በዚያው ዓመት ዲኤስኤልም ተመሳሳይ ነፃነት አገኘ። እንግዲህ ገበያው ለሁለት ሽቦ ባለቤቶች ተተወ ማለት ነው።

ሁለት ተፎካካሪ ከአንድ ይሻላል። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ሲያረጅስ? በ2015 ኮሚሽኑ «ብሮድባንድ» ለመባል የሚያስፈልገውን ፍጥነት ወደ 25 ሜጋቢት አሳደገ፤ በ2024 ደግሞ ወደ 100 አደረሰው። የመዳቡ ኤዲኤስኤል በመጀመሪያውም ሚዛን ወደቀ። ኤቲ ኤንድ ቲ ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ለአዲስ ደንበኛ ዲኤስኤል መሸጥ አቆመ። ፋይበር ባልደረሰበት ሠፈር የሚኖር ሰው ከዲኤስኤል ወደ ኬብል ሲዛወር የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ከምርጫ ወደ አንድ ሻጭ ነው። የሚመለስበት በር ከኋላው ይዘጋል። የሚቀጥለው የዋጋ ጭማሪ ሲመጣ «እለቃለሁ» ብሎ ማስፈራራት አይችልም። በገበያ ቋንቋ የመደራደር አቅሙን ሸጧል።

በሌላ በኩል ፈረንሳይ ሌላ መንገድ ሄደች። እዚያም ነባሩ ድርጅት የመዳብ ሽቦውን እንዲያከራይ ተገደደ፤ ግዴታውም ቆየ። ፍሪ የተባለው ድርጅት በ2002 በተከራየው ሽቦ ላይ በወር 29.99 ዩሮ ሸጦ ገበያውን አናወጠ። ደንበኛ ካፈራ በኋላ በ2006 የራሱን ፋይበር እንደሚዘረጋ አስታወቀ። የሽቦ ባለቤቶች ሁልጊዜ የሚያቀርቡት ክርክር «አካፍሉ ካላችሁን ማን ገንዘቡን ያፈሳል?» የሚል ነው። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ የአሜሪካዎቹ ሦስት ድርጅቶችም መጋራት ብቻውን እንደማያድን ያሳያሉ። ነገር ግን በሚገባ የተጠበቀ መጋራት ሁለተኛ ሽቦ ሊወልድ እንደሚችል ፈረንሳይ ምስክር ናት።

እኛስ?

በአገራችን ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ቴሌቪዥን ወደ ቤታችን የገባው በአንቴና፣ ቀጥሎም በሳተላይት ዲሽ እንጂ በኬብል አይደለም። ስለዚህ አሜሪካ በዕድል ያገኘችው ሁለተኛ ሽቦ እኛ ዘንድ ተዘርግቶ አያውቅም። በየቤታችን የነበረው አንድ የስልክ መዳብ፣ ባለቤቱም አንድ የመንግሥት ድርጅት ነው። ከኤዲኤስኤል የሚላቀቀው የአዲስ አበባ ነጋዴ የሚሄደው ወደ ፋይበር ወይም በሞባይል መረብ ወደሚሠራ ራውተር ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ዘርፉን ለውድድር ከፍቶ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመ። በ2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ወሰደ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም በአዲስ አበባ የሞባይል አገልግሎቱን ጀመረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የሞባይል ውድድር ግን የአየር ውድድር ነው። ባንክ፣ ሆስፒታል፣ ፋብሪካ፣ የሂሳብ ቢሮ፣ ብዙ ክፍል ያለው ሆቴል በመጨረሻ የሚፈልገው መሬት ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ነው። ዛሬ ፋይበር እየተቀበረ ባለበት ጊዜ ሁለተኛው ሽቦ የት ይገባል የሚለው ጥያቄ ካልተነሳ፣ ነገ መልሱ «አስፋልቱ ተቆፍሮ ተደፍኗል» ይሆናል።

የዚህ ገጽ አንባብያን ግን አንድ ልዩ አጣብቂኝ አለባችሁ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. 10 በመቶ ድርሻውን፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ሒሳብ፣ ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። ሽያጩ ሲዘጋ ከ10 ሚሊዮን በላይ አክሲዮን ተሸጦ ከ3 ቢሊዮን ብር በላይ ተሰብስቧል። ከገዢዎቹ መካከል ብዙዎቻችሁ እንደምትገኙበት እገምታለሁ። እንግዲህ በአንድ እጃችሁ አክሲዮን፣ በሌላው ራውተር ይዛችኋል። አክሲዮኑ «ሁለተኛ ሽቦ አይምጣ» ይላል፤ ራውተሩ «ይምጣ» ይላል። የትኛውን እንስማ?

የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ራውተሩን እንስማ። ሂሳቡን ለማየት ያህል፣ ሠላሳ ሦስት አክሲዮን በ9 ሺህ 900 ብር የገዛ ነጋዴ የትርፍ ድርሻው በዓመት 10 በመቶ ቢሆንለት እንኳ 990 ብር ያገኛል። አንድ ቀን ኢንተርኔት ጠፍቶ ሱቁ ክፍያ መቀበል ሲያቅተው የሚያጣው ከዚህ ላይበልጥ ይችላል ወይ? እያንዳንዱ የራሱን መዝገብ ይመልከት። ከዚህም ሌላ፣ ተፎካካሪ ያለው ድርጅት ሥራውን ለማሻሻል ይገደዳልና አክሲዮኑም በረዥሙ ጊዜ የሚጎዳ አይመስለኝም።

ሕንፃ ለምትሠሩ

ከመንግሥት የምንጠብቀው አለ። በመሬት ውስጥ የሚቀበሩ ቱቦዎች ለሁሉም ባለ ፈቃድ በተመጣጣኝ ኪራይ እንዲከፈቱ፣ ዋጋና ሁለቱም ፍጥነቶች በአንድ ሠንጠረዥ እንዲታዩ ባለሥልጣኑ ቢያስገድድ መልካም ነው። ነገር ግን እኛው ራሳችን ልናደርገው የምንችለውም አለ።

አፓርታማና የንግድ ሕንፃ የምታስገነቡ ባለሀብቶች፣ ከአንድ ኢንተርኔት ሻጭ ጋር ብቻ ለመሥራት ውል ፈርሙ ብትባሉ ሁለት ጊዜ አስቡ። ለጊዜው ነፃ ዝርጋታ ወይም ጥቂት ኮሚሽን ሊያስገኝ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የኬብል ድርጅቶች ይህንኑ ለአፓርታማ ባለቤቶች ሲያቀርቡ ስለኖሩና ተከራዩ ምርጫ ስላጣ፣ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዲህ ያለውን የብቸኝነት ውል ከልክሏል። ሕንፃው ሲሠራ አንድ ተጨማሪ ባዶ ቱቦ በየወለሉ ማሳለፍ የሚጠይቀው ገንዘብ ከሊፍቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ግን ግድግዳ መስበር ነው። ደላሎችም ቤት ስታሳዩ ስለ ውኃና መብራት እንደምትናገሩት «ስንት መስመር ይገባል?» የሚለውን ብትጨምሩበት፣ ቢሮ ተከራዩ ለዚህ ሊከፍል ፈቃደኛ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

በግላችሁ መስመር ለምትለውጡ ደግሞ ከእኛ ስህተት ተማሩ። አዲሱ ሳይፈተሽ አሮጌውን አታሰርዙ፤ የአንድ ወር ድርብ ክፍያ ርካሽ መድን ነው። የስልክ ቁጥራችሁ ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ከሆነ መጀመሪያ የቁጥሩን ነገር ጨርሱ። አዲሱ ሽቦ በየት በኩል እንደሚገባ ጠይቃችሁ ራውተሩን ወደ ቤቱ መሐል አስቡለት። የወጪውን ፍጥነት ጠይቁ። ከማስተዋወቂያው ጊዜ በኋላ ያለውን ዋጋ በጽሑፍ ያዙ። የድሮው የመዳብ ስልክ ኃይሉን ከማዕከሉ ስለሚያገኝ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ የኬብልና የፋይበር መሣሪያ ግን ከቤቱ መብራት ጋር አብሮ ይጠፋልና ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ አዘጋጁ።

የአክስቴ ልጅ ዛሬ በአዲሱ መስመር ደስተኛ ነው። አሮጌው መዳብ ግን ከግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ እንዳይነቅሉት ለምኖ አስቀርቶታል። «ለምን?» ብዬ ስጠይቀው «ዋጋ ሲጨምሩብኝ የማሳያቸው ነገር እንዲኖረኝ» አለኝ። የስልክ ድርጅቱ መልሶ ሊሸጥለት እንደማይፈልግ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ አሁን የሚያሳየው የሞተ ሽቦ ብቻ ቀርቶታል። እኛ ገና እየቀበርን ስለሆነ በሕይወት ያለውን ሁለተኛ ሽቦ ለማስገባት ጊዜው አላለፈብንም።